ጠማማ ቃላት፦ እንግሊዝኛ የሚጠመዘዘውን ሁሉ ለምን በዚህ ሁሉ ስም ይጠራዋል?

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስ እንኳ የማይስተው ነገር አለ፦ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። መሐል ላይ ያለው ቃል ለምን እንደ እንግዳ ገብቶ እንደተቀመጠ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረንም። ነገሩ ቀላል ነው። «ዌንት» ከ«ጎ» አልተወለደም። «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግስ ኃላፊ ጊዜ ነበር። ዌንድ በጥንቱ እንግሊዝኛ መዞር፣ ማዞር ማለት ነው። ቀስ በቀስ አቅጣጫ ይዞ መሄድ ማለት ሆነ። «ጎ» የራሱን የድሮ ኃላፊ ጊዜ ሲጥል ደግሞ ዌንት ክፍት ቦታውን ያዘ። የዌንድ የቅርብ ዘመድ «ዋይንድ» ነው፤ ክር ሲጠቀለል፣ መንገድ ሲጠማዘዝ የሚባለው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ «ትናንት ሄድኩ» ባልን ቁጥር ድሮ መዞር የነበረ ቃል እየተጠቀምን ነው።

የሚዞር፣ የሚጎብጥና የሚጠቀለል ነገር በእንግሊዝኛ ስሙ ብዙ ነው። ትዊስት፣ ቤንድ፣ ከርቭ፣ ከርል፣ ኮይል፣ ስፓይራል፣ ሂሊክስ፣ ትዋይን፣ ስወርል፣ ሚያንደር፣ ኪንክ፤ እያለ ይቀጥላል። መዝገበ ቃላት ሲከፈት ለብዙዎቹ የሚገኘው ፍቺ ያው «ጠመዘዘ፣ ተጠማዘዘ» ነው። ተማሪው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ፍቺ ከመሸምደድ ይልቅ ቃሉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቱም አብዛኞቹ የገቡት በሦስት በር ነው። አንደኛው ክር የሚፈትሉና ገመድ የሚገምዱ ሰዎች በር ነው፤ የጥንቱ እንግሊዝኛና የጎረቤቶቹ። ሁለተኛው የላቲንና የፈረንሳይኛ በር ነው፤ ፍርድ ቤትና መጽሐፍ ያለበት። ሦስተኛው ሳይንቲስቶች ከግሪክ የተዋሱበት ነው። በየትኛው በር እንደገባ የታወቀ ቃል ጠባዩም ቶሎ ይለመዳል።

የማይነበበው ደብልዩ

በእንግሊዝኛ በደብልዩና በአር የሚጀምሩ ቃላት አሉ። ደብልዩው አይነበብም። ስንቱን ተማሪ ነጥብ አስጥሏል! ድሮ ግን ይነበብ ነበር። ከአብዛኛው ሰው አፍ የጠፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ። መቅረቱ ግን ጥሩ ሆነ እላለሁ፤ ይህ ድምፅ አልባ ፊደል የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ምልክት ነውና።

«ሪስት» የእጅ አንጓ ነው፤ እጅ የሚዞርበት ቦታ። «ሪንግ» እርጥብ ልብስን ጠምዝዞ መጭመቅ ነው። ከጣት ቀለበቱ ሪንግ የሚለየው በአጻጻፍ ብቻ ነው፣ በዚሁ ደብልዩ። «ሬንች» የብሎን መፍቻ ነው፤ ግስ ሲሆን ደግሞ በኃይል ጠምዝዞ መንቀል። «ሬስት» ጠምዝዞ መንጠቅ ነው፤ ከእረፍቱ ሬስት ጋር እንዳይምታታ። ከእሱ «ሬስል» ወጣ፤ መታገል። የትግል ውድድር ያየ ሰው እጅና እግር ምን ያህል እንደሚጠማዘዝ ያውቃል። «ሪዝ» የአበባ ጉንጉን፣ «ራይዝ» በሕመም መገላበጥና መቆራመድ፣ «ሪግል» መጥመልመል፣ «ሪንክል» መጨማደድ ነው። «ራይ» ደግሞ ወደ አንድ ጎን ጠመም ያለች ፈገግታን ይገልጻል፤ ግማሿ ቀልድ፣ ግማሿ ምሬት የሆነች። «ራዝ» የሚባለው ብርቱ ቁጣ እንኳ ከዚሁ ቤት ነው፤ ሥሩ የተጠማዘዘ፣ የተሠቃየ መንፈስን ያሳያል።

ከሁሉም የምወደው «ሮንግ» ነው። ስህተት፣ ጥፋት፣ በደል። ቃሉ ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን እዚያ ትርጉሙ ጠማማ ነው። ተቃራኒው «ራይት» ደግሞ ከሥሩ ቀጥ ያለ ማለት ነው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጠማማ ሰው እንላለን፣ ቀና ሰው እንላለን፣ ፍርድ ተጣመመ እንላለን። ልዩነቱ የእኛ ቃላት ምስሉን ዛሬም ፊት ለፊት ያሳያሉ፤ የእንግሊዝኛው ግን ምስሉን ቀብሮታል። ሮንግ የሚል ሰው ጠማማ ነገር ትዝ አይለውም። «ክሩክ» የሚለው ቃል ግን ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል፤ ጫፉ የታጠፈ በትርም ነው፣ አጭበርባሪም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በደብልዩና በአር የጀመረ ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም። መጻፍ የሚለው «ራይት» ጥንት መጫር፣ መፈልፈል ነበር፤ በእንጨትና በድንጋይ ላይ የሚጻፈው በመጫር ስለሆነ። የተሰባበረ መርከብ የሚባልበት «ሬክ»ም ባሕር ገፍቶ ወደ ዳር ያወጣው ነገር ነው እንጂ የተጠማዘዘ አይደለም።

ክር፣ ገመድ፣ እና የተለዋወጡ ሁለት ቃላት

«ትዊስት» ውስጥ ሁለት ቁጥር ተደብቋል። «ቱ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። መንታ የሚለው «ትዊን»፣ ሁለቴ የሚለው «ትዋይስ»፣ በሁለት ነገሮች መካከል የሚለው «ቢትዊን»፣ ድርብ ክር የሚለው «ትዋይን»፤ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው። ይህን ማወቅ ለአጠቃቀምም ይረዳል። ትዊስት ለመባል ወይ ሁለት ክሮች እርስ በርስ መዞር አለባቸው፣ ወይ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። ፎጣ ሲጨመቅ የሚሆነው ይኸው ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ ይዞ ማጉበጥ ግን ትዊስት አይባልም፤ «ቤንድ» ነው።

ቤንድ ራሱ ከማሰር ጋር ይዛመዳል። ማሰር በእንግሊዝኛ «ባይንድ» ነው። ምን አገናኛቸው ቢባል፣ መካከላቸው ያለው ቀስት ነው። ቀስት የሚጎብጠው ጅማቱ ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰርበት ነው። ቀስት «ቦው» ይባላል፤ ክርን የሚባለው የእጃችን መታጠፊያ «ኤልቦው» የሆነውም በዚሁ ቦው ነው።

አሁን ደግሞ እኔን ሁሌ ፈገግ የሚያሰኘኝ ታሪክ። «ስሮው» ዛሬ መወርወር ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን መጠምዘዝ ነበር። ፈትል የሚለው «ስሬድ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ የተጠመዘዘ ነገር። «ዋርፕ» ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። ጥንት መወርወር ነበር፤ ዛሬ ጣውላ በእርጥበት ሲጣመም የሚባለው ቃል ሆነ። ሁለቱ ቃላት ወንበር ተቀያይረው ተቀመጡ ማለት ይቻላል። የድሮው ትርጉም ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ሸክላ ሠሪዎች በሚዞር መንኮራኩር ላይ ጭቃ ሲቀርጹ በእንግሊዝኛ ዛሬም ስሮው ያደርጋሉ ይባላል። አዲስ ሰው ሲሰማው ጭቃውን የሚወረውሩት ይመስለዋል። ማንም የሚወረውር የለም፤ የጥንቱ መጠምዘዝ ከባለሙያዎቹ ጋር ስለቀረ ነው።

ፍርድ ቤት የገባው መጠምዘዝ

ላቲን «ቶርኩዌሬ» የሚል ግስ አለው፤ መጠምዘዝ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ከዚህ አንድ ግስ የወሰደው ቃል ብዛቱ ያስገርማል። ማሠቃየት «ቶርቸር» ነው፤ አካል የሚጠመዘዝበት። ስቃይ «ቶርመንት» ነው። በማስፈራራት ገንዘብ መቀበል «ኤክስቶርት» ነው፤ ጠምዝዞ ማውጣት እንደ ማለት። እውነትን ወይም ምስልን ማጣመም «ዲስቶርት» ነው። ችቦ «ቶርች» ነው፤ ጥንት ችቦ የሚሠራው ከተገመደ ቃጫ ስለነበር። የሕግ ሰዎች ደግሞ «ቶርት» ይላሉ፤ ከውል ውጭ በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚመጣ ኃላፊነት ነው። ቶርት በፈረንሳይኛ በደል ማለት ሲሆን ሥሩ ያው የተጠመዘዘ ነው። ስለዚህ ከስካንዲኔቪያ የመጣው ሮንግና ከላቲን የመጣው ቶርት፣ ሥራቸው ሳይገናኝ፣ በአንድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ። ሁለቱም ጠማማ፣ ሁለቱም በደል።

መካኒኮች አዘውትረው የሚጠሩት «ቶርክ»ም ከዚሁ ነው። የመዞር ጉልበት መለኪያ ነው። በዚህ ትርጉሙ በጽሑፍ የወጣው በ1884 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያቀረበው ጄምስ ቶምሰን የተባለ መሐንዲስ ነው፤ የታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ የሎርድ ኬልቪን ወንድም። ለሥራ ቃሉ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ምን ያህል ኃይል፣ ከመዞሪያው ምን ያህል ርቀት ላይ። የብሎን መፍቻው እጀታ ሲረዝም ብሎኑ ቶሎ እሺ የሚለው ለዚህ ነው።

ላቲን ሌሎች ሁለት የመዞር ግሶችም አሉት፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ከ«ቨርቴሬ» የመጣው «ቨርቲጎ» ራስ ማዞር ነው፤ እኛም «አዞረኝ» ነው የምንለው። የጀርባ አጥንት ቁርጥራጭ «ቨርቴብራ» የተባለው አካል የሚዞርበት ስለሆነ ነው። ከ«ቮልቬሬ» የመጣው «ቮልዩም» ጥንት የሚጠቀለል ብራና ነበር። ያንን ጥቅል መዘርጋት «ኢቮሉሽን» ነበር። «ሪቮሉሽን» ደግሞ ዙር ነው። ኮፐርኒከስ በ1543 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ርዕስ ላይ የተጠቀመበት ቃል የሰማይ አካላትን ዙረት ይመለከታል፤ መንግሥት መገልበጥ የሚለው ፖለቲካዊ ትርጉም በኋላ የመጣ ነው።

ስፓይራልና ሂሊክስ፦ አብዛኛው ሰው የሚያምታታቸው

ከግሪክ የመጡት ሁለቱ ዋና ቃላት ስፓይራልና ሂሊክስ ናቸው። በተራ ንግግር ሁለቱም ስፓይራል ይባላሉ። በሳይንስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ስፓይራል ጠፍጣፋ ነው። ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ ከመሐል ይርቃል። በሸክላ ሙዚቃ ላይ መርፌዋ የምትሄድበት ቦይ ስፓይራል ነው። ሂሊክስ ግን ከመሐል መስመሩ አይርቅም። ርቀቱን ጠብቆ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። የብሎን ጥርስ ሂሊክስ ነው። የሞላ ሽቦም እንዲሁ። የማስታወሻ ደብተር ጫፍ ላይ ያለው ሽቦ ስፓይራል እየተባለ ቢሸጥም ሂሊክስ ነው። በእንግሊዝኛ «ስፓይራል ስቴርኬዝ» የሚባለው የሚዞር ደረጃም በትክክል ከተነገረ ሂሊክስ ነው። ሰው ግን ለምዶታል፤ ደረጃውን ሂሊክስ ካልተባለ ብሎ የሚከራከር ሰው ጓደኛ ያጣል። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለቱንም ያደርጋል፤ እየሰፋም እየወጣም ይሄዳል።

የሂሳብ ሰዎች ልዩነቱን በሁለት ቁጥር ይለኩታል። አንደኛው «ከርቬቸር» ነው፤ መስመሩ ቀጥታነቱን በምን ፍጥነት እንደሚተው። ሁለተኛው «ቶርሽን» ነው፤ መስመሩ የተነጠፈበትን ጠፍጣፋ ገጽ በምን ፍጥነት እንደሚለቅ። በሜዳ ላይ መኪና እየነዳን መሪውን በአንድ ልክ አዙረን ብንይዘው ክብ እንሠራለን። ከርቬቸር አለ፣ ቶርሽን የለም። ያው መሪ እንደተያዘ፣ መንገዱ እየዞረ ወደ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ የሚወጣ ከሆነ ግን ቶርሽንም ተጨመረ፤ የምንሠራው ሂሊክስ ነው። የክብ ከርቬቸር ለማስላት አንድን ለሬዲየሱ ማካፈል ነው። ሬዲየሱ 10 ሜትር ከሆነ 0.1፣ 100 ሜትር ከሆነ 0.01። ትልቅ ክብ ቀጥ ያለ የሚመስለን ለዚህ ነው። የሂሊክስ ልዩ ባሕርይ ሁለቱም ቁጥሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ አለመለዋወጣቸው ነው። ይህን ስሌት መልክ ያስያዙት ፍሬኔና ሴሬ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ።

ስፓይራልም ዓይነት አለው። አርኪሜዲስ ያጠናው ስፓይራል በዙሮቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሌ እኩል ነው። ሌላው፣ ሎጋሪዝማዊ የሚባለው፣ በየዙሩ በተመሳሳይ እጥፍ እየሰፋ ይሄዳል። የስዊዘርላንዱ ያኮብ በርኑሊ ይህን ሁለተኛውን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ በመቃብሩ ላይ እንዲቀረጽለት ፈልጎ ነበር። በ1705 እ.ኤ.አ. ሞተ። ድንጋይ ጠራቢው የቀረጸው ግን የአርኪሜዲስን ዓይነት ነው። ባዝል ከተማ ባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይታያል። ለአንድ የሂሳብ ሊቅ ከዚህ የባሰ ቅጣት ይኖር ይሆን?

ሂሊክስን ዓለም ያወቀው በዲኤንኤ ነው። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ቅርጽ፣ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥራ ላይ ጭምር የቆመው፣ ድርብ ሂሊክስ ነው። ወርዱ 2 ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 3.4 ናኖሜትር አካባቢ ይወጣል። እና ቀኝ ነው። ቀኝ ማለት እንዲህ ነው፦ የቀኝ እጅ አውራ ጣት ወደ ላይ ቀጥ ሲል ሌሎቹ ጣቶች የሚታጠፉበት አቅጣጫ እየዞረ የሚወጣ። የተለመደ ብሎንም ቀኝ ነው። በማስታወቂያና በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ግን ዲኤንኤ ግራ ሆኖ የሚሳልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሠዓሊው ምስሉን በመስታወት እንደሚታየው ገልብጦታል ማለት ነው። አንዴ ካወቁት በኋላ ዓይን አይስተውም።

«ሄሊኮፕተር»ም ከሂሊክስ ነው። ብዙ ሰው ቃሉን «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ይከፍለዋል። ትክክለኛው አከፋፈል «ሄሊኮ» እና «ፕተር» ነው፤ ጥምዝ ክንፍ። ቃሉን ያወጣው ጉስታቭ ደ ፖንቶን ዳሜኩር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በ1861 እ.ኤ.አ.። ስህተቱ ግን ሥር ሰዶ ሌላ ቃል ወልዷል። የሄሊኮፕተር ማረፊያ «ሄሊፖርት» ይባላል።

ጨጓራውን የታመመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኤች ፓይሎሪ ታሪኩ ከዚሁ ይገናኛል። «ኤች» የምትለው ፊደል «ሄሊኮባክተር» ለማለት ነው፤ ጥምዝ ባክቴሪያ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አውስትራሊያ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. አግኝተውት ለዚህም በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። መጀመሪያ የተመደበው ግን «ካምፒሎባክተር» ከሚባሉት ጋር ነበር። ካምፒሎ በግሪክ ጎባጣ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ዝምድናው ሌላ ሆኖ ተገኘ። በ1989 እ.ኤ.አ. የራሱ ወገን ተሰጥቶት ስሙ ተቀየረ። ከጎባጣነት ወደ ጥምዝነት አደገ።

ታሪካቸው ለየት ያሉ

«ኮይል» ጠማማ ይመስላል እንጂ ሥሩ መጠምዘዝ አይደለም፤ መሰብሰብ ነው። «ኮሌክት» ከሚለው ቃል ጋር የላቲን አያታቸው አንድ ነው። መርከበኞች ገመድን እየዞሩ ዙር በዙር ሰብስበው ሲያስቀምጡ ያሉት ነው። ስለዚህ ኮይል ሲባል የተደራረበ ዙር መኖር አለበት። የመኪና ሞተር ውስጥ ያለው ኮይል የሽቦ ጥቅል መሆኑ ትዝ ይበላችሁ። እባብም ሲጠቀለል ኮይል ያደርጋል፤ ሲሳብ ግን አያደርግም።

እባብ ካነሣን «ሳይክሎን»ም አለ። ሄንሪ ፒዲንግተን የተባለ፣ ካልካታ ይኖር የነበረ እንግሊዛዊ፣ በ1840ዎቹ መጨረሻ ለሚሽከረከር ማዕበል ያወጣው ስም ነው። የግሪኩ ቃል ክብ ማለት ሆኖ የእባብ ጥቅልልንም ስለሚጨምር መረጠው። «ሚያንደር» ደግሞ የቦታ ስም ነው። በምዕራብ ቱርክ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ ዛሬ ቡዩክ ሜንዴሬስ ይባላል። በጥንት ግሪኮች ዘንድ እንኳ በጠመዝማዛነቱ ስም ያወጣ ነበር። ወንዝ ሜዳ ላይ የሚጠማዘዘው በውጭው ዳር ውኃው ፈጥኖ አፈር ስለሚቦረቡር፣ በውስጠኛው ዳር ደግሞ ዘገም ብሎ ደለል ስለሚጥል ነው። አንዴ ትንሽ ከጎበጠ ጉብጠቱ ራሱን ያሳድገዋል።

የቀሩትን እንደሚከተለው ብይዛቸው ይበቃል። «ከርቭ» ስብራት የሌለበት ለስላሳ ጉብጠት ነው። «ከርል» ትናንሽ ነው፤ ለፀጉር፣ ለወረቀት ጫፍ፣ ለጭስ። «ስወርል» ለፈሳሽና ለአየር ነው። «ኪንክ» ሳይፈለግ የመጣ መታጠፍ ነው፤ የውኃ ጎማ ታጥፎ ውኃው ሲቆም ጥፋተኛው ኪንክ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ንባብ ነው። መጠቅለል የሚለው «ዋይንድ» እና ነፋስ የሚለው «ዊንድ» ፊደላቸው አንድ ነው። የመጠቅለሉ ኃላፊ ጊዜ «ዋውንድ» ሲሆን ቁስል ከሚለው «ዉንድ» ጋር ደግሞ ያው በፊደል አንድ ነው። የሚለያቸው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ «ቶርቹየስ» እና «ቶርቸረስ» ናቸው። የሚለያዩት በአንዲት የአር ፊደል ነው፤ ሁለቱም የቶርኩዌሬ ልጆች ናቸው። እንግሊዛውያን ራሳቸው ያምታቷቸዋል። ቶርቸረስ የሚያሠቃይ ነው። ቶርቹየስ ጠመዝማዛ ነው፤ ለመንገድ፣ ለወንዝ፣ ለተንዛዛ ክርክር። በሕክምና ወረቀት ላይ የደም ሥር ቶርቹየስ ነው ተብሎ ቢጻፍ ተጠማዝዟል ማለት ነው እንጂ ያሠቃያል ማለት አይደለም። ትርጉሙን ለብቻ ገምቶ ከመደንገጥ የጻፈውን ሐኪም መጠየቅ ነው።